«ቤቶች!» ሲባል «አቤት!» የሚለው ማን ነው? መሣሪያዎቻችን በአንድ ዋይፋይ ውስጥ የሚተዋወቁበት መንገድ

አዲስ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ገና እንደከፈታችሁት አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ መተግበሪያው በአካባቢያችሁ ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ለመፈለግና ከእነርሱ ጋር ለመገናኘት ፈቃድ ይጠይቃል። አብዛኞቻችን «ፍቀድ» የሚለውን ነክተን እናልፋለን። የተጠየቅነው ነገር ምን እንደሆነ አልገባንም፤ ከከለከልን ግን የፈለግነው ነገር አይሠራም ብለን እንሰጋለን። አፕል ይህን ጥያቄ ለአይፎን ተጠቃሚዎች ማቅረብ የጀመረው በሴፕቴምበር 2020 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 2024 ወደ ማክ ኮምፒውተሮቹ አመጣው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የጉግል ክሮም ማሰሻ ድረ ገጾች ወደ ቤት ውስጥ መሣሪያዎች ለመድረስ ሲሞክሩ ባለቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ጀመረ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመው ያመጡት ወደው አይደለም። መሣሪያዎች ማንንም ሳያስፈቅዱ አንዱ ሌላውን ሲፈልጉና ሲያገኙ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ያ ልማድ የተመሠረተበት እምነት አሁን ከምንኖርበት ቤት ጋር አልገጥም አለ። እምነቱ ምን እንደነበረ ለመረዳት በመጀመሪያ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

ደወል የሌለው ግቢ በር ላይ የደረሰ እንግዳ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቤቶች!» ይላል። ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስማቸው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሰማ ሰው «አቤት!» ብሎ ይወጣል፤ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። ስልካችን ፕሪንተር ሲፈልግ ወይም ላፕቶፓችን ፊልም የሚያሳይበት ቴሌቪዥን ሲፈልግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁሉን የሚያውቅ፣ መዝገብ ይዞ መሐል ላይ የተቀመጠ አለቃ የለም። ጠሪው ይጠራል፤ ጥሪው የሚመለከተው መሣሪያ ይመልሳል።

ሆኖም ለመነጋገር አድራሻ ያስፈልጋል። ስልኩ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አስገብቶ ሲገባ ገና አድራሻ የለውም። ስለዚህ የላኪውን ቦታ በዜሮዎች (0.0.0.0)፣ የተቀባዩን ቦታ ደግሞ «ለሁሉም» በሚል ትርጉም በተሰጠው ቁጥር (255.255.255.255) ሞልቶ መልእክት ይበትናል። ይህ የዕድር ጥሩምባ ነው፤ የሚመለከተውም የማይመለከተውም ይሰማዋል። ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ «ይህ አድራሻ ይሁንልህ» ብሎ ያቀርባል፤ ስልኩ «እርሱን ስጠኝ» ይላል፤ ራውተሩ ያጸድቃል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በማርች 1997 በወጣ የደረጃ ሰነድ ነው።

አድራሻ የሚሰጥ ራውተር ባይኖርስ? መሣሪያው በ169.254 ከሚጀምሩት 65,024 አድራሻዎች አንዱን በዕጣ ያነሣል። ከመያዙ በፊት ግን «ይህን አድራሻ የያዘ አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ዝምታ ከሆነ መልሱ፣ አድራሻው የእርሱ ይሆናል፤ መያዙንም ለሌሎቹ ያሳውቃል። ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ላይ ይህ ቁጥር ታይቶ «ተበላሽቷል» ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ራውተሩ ጥሪውን እንዳልመለሰ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ አድራሻ ፈልጎ ተቀምጧል። ሁለት ላፕቶፖችን በአንድ የኔትወርክ ገመድ አገናኝታችሁ ያለ ማንም እርዳታ ፋይል መለዋወጥ የምትችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስም፣ አገልግሎት፣ ጨዋነት

አድራሻ ከተገኘ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉ የሚማርከው ነው። በ1985 አፕል አፕልቶክ የሚባል የኔትወርክ ዘዴ አውጥቶ ነበር። ተጠቃሚው አንድ መስኮት ሲከፍት በቢሮው ያሉት ፕሪንተሮች በስማቸው ተደርድረው ያገኛቸዋል፤ የሚፈልገውን ይነካል፤ በቃ። ቁጥር መጻፍ፣ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም ነበር። ዓለም ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ወደ አይፒ ሲዞር ግን ያ ምቾት ጠፋ። ፕሪንተር ለማገናኘት የአድራሻ ቁጥሩን ማወቅ፣ መተየብ፣ ሲለወጥም እንደገና መተየብ ግድ ሆነ። ስቱዋርት ቼሻየር የተባለ መሐንዲስ ይህን ምቾት በአይፒ ላይ መልሶ ለመገንባት ተነሣ። በ2002 አፕል ሥራውን ራንዴቩ በሚል ስም በማክ ኮምፒውተሮች ላይ አወጣው፤ በንግድ ስም ክርክር ምክንያት በ2005 ቦንዡር ተባለ። ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ዓለም አቫሂ የሚባል አቻ አለው። ቼሻየርና ማርክ ክሮክማል የጻፏቸው ሁለቱ የደረጃ ሰነዶች፣ ኤምዲኤንኤስ እና ዲኤንኤስ-ኤስዲ የሚባሉት፣ በፌብሩዋሪ 2013 በይፋ ታተሙ። ዛሬ የአይፎን ማተሚያ አገልግሎት፣ የጉግል ክሮምካስት (ከስልክ የታዘዘን ቪዲዮ በቴሌቪዥን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ አብዛኞቹ የቢሮ ፕሪንተሮች፣ አዳዲሶቹ የቤት መብራቶችና መቆለፊያዎች ሁሉ በዚህ ላይ ይሠራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 224.0.0.251 የሚባል አድራሻ አለ፤ ማንም አንድ መሣሪያ አይኖርበትም። ወደዚያ የተላከ መልእክት የሚደርሰው ለመስማት የተመዘገቡት ሁሉ ዘንድ ነው። የቅድሙ ጥሩምባ መንደሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ይህኛው ለማኅበሩ አባላት ብቻ የሚደርስ ጥሪ ነው። ስልኩ ወደዚያ «ማተም የሚችል አለ?» ብሎ ይልካል። ፕሪንተሩ ስሙን ይመልሳል። ከዚያም በስሙ ተጠይቆ በየትኛው የወደብ ቁጥር (በአንድ መሣሪያ ላይ አንዱን አገልግሎት ከሌላው በሚለየው ቁጥር) እንደሚገኝ፣ ቀለም ያትም እንደሆነ፣ በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ማተም ይችል እንደሆነ፣ የትኞቹን የፋይል ዓይነቶች እንደሚቀበል፣ በመጨረሻም የአይፒ አድራሻውን ይናገራል። ይህ ሁሉ ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ነገ ራውተሩ ለፕሪንተሩ ሌላ አድራሻ ቢሰጠው ስልኩ ግራ አይጋባም፤ የሚያስታውሰው ስሙን ነውና።

ሰነዱን ሳነብ የገረመኝ ጨዋነቱ ነው። ብዙ መልስ ሰጪ ሊኖር የሚችልበት ጥያቄ ሲመጣ መሣሪያዎቹ በአንድ ጊዜ እንዳይጮኹ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 120 ሚሊሰኮንድ ድረስ በዕጣ ይጠብቃል። ጠያቂው ቀድሞ የሚያውቃቸውን መልሶች ከጥያቄው ጋር አብሮ ይልካል፤ እነዚያ መሣሪያዎች እንደገና አይደክሙም። አንድ መሣሪያ ስም ከመያዙ በፊት በ250 ሚሊሰኮንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሞክሼ ካለ ራሱ ስሙ ላይ ቁጥር ጨምሮ ዞር ይላል። ሲጠፋ ደግሞ «ልሄድ ነው» ብሎ ይሰናበታል፤ ሌሎቹም ከዝርዝራቸው ያወጡታል። ያለ አለቃ የሚኖሩ መሣሪያዎች እንዴት ሳይጋፉ መኖር እንደሚችሉ ተጨንቀው ያሰቡ ሰዎች የጻፉት ሰነድ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ቤተሰብ አለ፤ ዩፒኤንፒ ይባላል። በማይክሮሶፍት ግፊት በ1999 መድረክ ተቋቁሞለት የተስፋፋ ሲሆን፣ 239.255.255.250 በሚል አድራሻና በ1900 ቁጥር ወደብ ይጣራል። ስማርት ቴሌቪዥኖች፣ የጨዋታ ማሽኖችና ራውተሮች በብዛት ይጠቀሙበታል። የደኅንነት ካሜራ የሚተክሉ ባለሙያዎች በላፕቶፓቸው ላይ አንድ ፕሮግራም ከፍተው በሱቁ ያሉትን ካሜራዎች ሁሉ በቅጽበት የሚዘረዝሩትም በዚሁ አድራሻ፣ በ3702 ወደብ በሚሄድ ተመሳሳይ ጥሪ ነው። ዩፒኤንፒ ግን መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ መስጠትንም ይጨምራል። አንድ የጨዋታ ማሽን ራውተሩን «ከውጭ ወደ እኔ የሚመጣውን በር ክፈትልኝ» ሊለው ይችላል። ራውተሩም የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይከፍታል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ፕሪንተሩ ለምን ይጠፋል?

«ትናንት ይታይ ነበር፣ ዛሬ የለም» የሚለውን ቅሬታ ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። ለብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት በዋይፋይ ላይ ሁለት ችግር አለበት። ለአንድ መሣሪያ ብቻ የተላከ መልእክት ሲደርስ ተቀባዩ «ደረሰኝ» ይላል፤ ካላለ ላኪው ይደግመዋል። ለሁሉም የተላከው ግን ማረጋገጫ የለውም፤ ከጠፋ ጠፋ። ደግሞም ሩቅ ያለው ደካማ መሣሪያ እንኳ እንዲሰማው በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚላክ አየሩን ለረዥም ጊዜ ይይዛል። ሰው በበዛበት አዳራሽ ወይም ሆቴል ውስጥ ይህ ሸክም ስለሚሆን አስተዳዳሪዎች ጥሪውን ይገድቡታል፤ እንግዶች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩም ያደርጋሉ። በራውተሩ ገጽ ላይ «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚለው ምርጫ ይህ ነው። እርሱ ከበራ ስልካችሁና ቴሌቪዥኑ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው እንኳ አይገናኙም።

በእኛ አገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማየው ችግር ሌላ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራዮች አንድ የኢንተርኔት መስመር ይጋራሉ። ከተከራዮቹ አንዱ ዋይፋዩ ክፍሉ አልደርስ ሲለው ሁለተኛ ራውተር ይገዛና ከመጀመሪያው በገመድ ያገናኘዋል። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ነገር ግን አሁን በግቢው ውስጥ ሁለት ግቢ ተፈጥሯል፤ አንደኛው በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። «ቤቶች!» የሚለው ጥሪ ደግሞ የራውተርን ግድግዳ አያልፍም፤ እንዳያልፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥንና መኝታ ቤት ያለው ስልክ የማይተያዩት በዚህ ነው። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው ራውተር «አክሰስ ፖይንት» የሚል አማራጭ ካለው እርሱን ማብራት ነው። ከሌለው ከመጀመሪያው ራውተር የመጣውን ገመድ ለኢንተርኔት ከተለየው ቀዳዳ ነቅሎ ከሌሎቹ አንዱ ላይ መሰካትና አድራሻ የማደሉን ሥራ ማጥፋት ይበቃል፤ ሁለቱ ራውተሮች አንድ ዓይነት የመግቢያ አድራሻ እንዳይኖራቸው ግን አስቀድሞ መለወጥ ያስፈልጋል።

ይሁንና ይህን ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ሁለቱን ግቢ አንድ ስታደርጉ ከማን ጋር ነው አንድ የምትሆኑት?

የግቢው ሰው ሁሉ ዘመድ ነው የሚለው እምነት

እኔ የምሠራበት ቢሮ ከጎረቤት ቢሮ ጋር አንድ የኢንተርኔት መስመር ይጋራ ነበር፤ ወጪውን ለመካፈል። አንድ ቀን ጠዋት ፕሪንተራችን ላይ የጎረቤቶቻችን ሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር ታትሞ አገኘሁ። ስም፣ መጠን፣ የብድር ተቀናሽ፣ ሁሉም አለ። የሰበረ፣ የሰረቀ ሰው የለም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ፕሪንተር ሲፈልግ የእኛው ፕሪንተር ቀድሞ «አቤት!» አለ፤ እርሷም በዝርዝሩ የመጀመሪያ የሆነውን መርጣ አተመች። ወረቀቱን አጥፌ ወስጄ ሰጠኋት። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

እነዚህ አሠራሮች የተነደፉት በአንድ እምነት ላይ ነው፤ በግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ዘመድ ነው። ንድፈኞቹ አእምሮ ውስጥ የነበረው አንድ ቤተሰብ ያለበት ቤት ወይም አንድ ቀጣሪ ያለው ቢሮ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የይለፍ ቃል ለተከራይ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፤ ካፌ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ኢንተርኔት ውድ በሆነበት አገር ያለውን ማካፈል ይገባል። ነገር ግን የይለፍ ቃሉን ስንሰጥ ኢንተርኔት ብቻ የሰጠን ይመስለናል፤ ከቤታችን ፕሪንተር፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ጋር የመነጋገር መብትንም አብረን ሰጥተናል። ስልካችሁን በስማችሁ ሰይማችሁት ከሆነ ደግሞ ካፌ ውስጥ ስትገቡ ስማችሁን በዙሪያው ላሉት ሊናገር ይችላል።

ጉዳቱ ከጎረቤት አልፎ የሄደባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። በጃንዋሪ 2013 ራፒድሰቨን የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ መላውን ኢንተርኔት ፈትሾ 81 ሚሊዮን የሚሆኑ አድራሻዎች ለዩፒኤንፒ ጥሪ ከውጭ ሆኖ ለጠራቸውም «አቤት!» እንደሚሉ አገኘ። ለቤት ውስጥ ብቻ የታሰበ ጥሪ መንገድ ላይ ለቆመ ሁሉ ይመለስ ነበር ማለት ነው። አጥቂዎችም ይህን ሌላ ሰው ለማጥለቅለቅ ተጠቀሙበት፤ የተጠቂውን አድራሻ እንደ ላኪ አድርገው ትንሽ ጥያቄ ይልካሉ፣ መሣሪያዎቹም 30 ጊዜ ያህል የሚበልጥ መልስ ወደ ተጠቂው ያፈሳሉ። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ ባለቤቶቹ ያልከፈቱት ቪዲዮ መጣ፤ መሣሪያችሁ ለዓለም ክፍት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። በዩፒኤንፒ የይለፍ ቃል ሳይጠይቁ በር የከፈቱት ራውተሮች ክሮምካስቶቹን ወደ ውጭ አውጥተዋቸው ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልሁት ነጥብ ይህ ነው።

የሴፕቴምበር 2024ቱ ግኝት የባሰ ያስተምራል። ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ፕሪንተሮችን በራሱ የሚፈልገውን ፕሮግራም መረመረ። ፕሮግራሙ በ631 ወደብ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ማንም መጥቶ «እኔ ፕሪንተር ነኝ፣ ዝርዝሬን ከዚህ አድራሻ ውሰድ» ቢለው ማንነቱን ሳያጣራ ይሄድና ይመዘግበዋል። ሐሰተኛው ፕሪንተር በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ ትእዛዝ መሸሸግ ይቻላል፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት በዚያ ፕሪንተር ለማተም በሞከረ ጊዜ ትእዛዙ ይፈጸማል። እዚህ ላይ የተጭበረበረው ጠሪው ነው፤ በሩ ላይ «አቤት!» ብሎ የወጣው ሰው የቤቱ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥበት ምንም መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጸጥ ብሎ የሚሠራው ነው። በ2023 በስፔን፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች 93 የቤት መሣሪያዎችን በአንድ ቤተ ሙከራ ሰብስበው እርስ በርሳቸው ምን እንደሚነጋገሩ አዳመጡ። መሣሪያዎቹ በጥሪዎቻቸው ውስጥ የማይለወጡ መለያ ቁጥሮችን፣ የተሰየሙበትን ስም፣ አንዳንዴም ቤቱ የት እንዳለ የሚጠቁም መረጃ ይበትናሉ። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎችም ይህን አዳምጠው ወደ ውጭ ይልካሉ። በቤታችሁ ያሉት መሣሪያዎች ዝርዝር እንደ አሻራ ነው፤ ይህን ፕሪንተር፣ ይህን ቴሌቪዥን፣ ያንን ካሜራ አንድ ላይ የያዘ ሌላ ቤት የለም። ስለዚህ ስልካችሁ ያለበትን ቦታ እንዳያይ የከለከላችሁት መተግበሪያ በዚህ መንገድ ቤታችሁን ሊለይ ይችላል። ስልኩ ላይ ብቅ የሚለው ጥያቄ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን የሚያገናኝ መተግበሪያ ሲጠይቃችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍቀዱ። የባትሪ መብራት፣ የጨዋታ ወይም የካሌንደር መተግበሪያ ሲጠይቅ ግን ከልክሉ። የሚጎድልባችሁ ነገር ካለ ቆይታችሁ ከቅንብሩ ውስጥ መፍቀድ ትችላላችሁ።

የክሮም ጥያቄም ከዚሁ ይመዘዛል። ድረ ገጽ ስትከፍቱ ገጹ ያለው ሩቅ አገር ነው፤ ማሰሻው ግን ያለው እናንተ ግቢ ውስጥ ነው። ተንኮለኛ ገጽ ማሰሻውን «እስቲ 192.168.1.1ን አንኳኳልኝ» ሊለው ይችል ነበር፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራውተራችሁ መግቢያ ነው። የራውተሩ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ፣ በብዙ ቤቶች እንደሚታየው፣ ገጹ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ሊያዝዝ ይችላል።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የአገር ቤት የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ለማየት ርካሽ የአንድሮይድ ሳጥን መግዛት የተለመደ ነው። በጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ በአብዛኛው በቻይና የተሠሩ፣ አንዳንዶቹ ከመሸጣቸው በፊት የተበከሉ የቴሌቪዥን ሳጥኖችን ጭምር ይዟል። ጉግል በቀጣዩ ወር ባቀረበው ክስ ቁጥራቸውን ከአሥር ሚሊዮን በላይ አድርሶታል። እንዲህ ያለ ሳጥን እንግዳ ሆኖ በር ላይ አይቆምም፤ እናንተው ገዝታችሁ አስገብታችሁታል። ዘመድ ሁሉ ይታመናል በሚባልበት ግቢ ውስጥ ዘመድ ሆኖ ተቀምጧል።

እንዝጋው ወይ?

አንዳንድ ባለሙያዎች መልሱ ሁሉንም ማጥፋት ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም እዚሁ አገራችን ውስጥ ያየነው ነው። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ከደመና ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚደረስበት ሩቅ ኮምፒውተር፣ ጋር ካልተነጋገረ የማይሠራ ነገር ሁሉ ቆመ። በራውተርና በገመድ ብቻ የተያያዘው ግን ሠራ። ፕሪንተር አተመ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይል ተለዋወጡ። ይህ የሆነው «ቤቶች!» የሚለው ጥሪ ከግቢው ስለማይወጣ ነው፤ ውጭ ያለው መስመር ቢቆረጥ አይሰማውም።

ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች የተሠራው ኮሊብሪ የተባለ ነፃ ፕሮግራምም በዚህ ይጠቀማል። መምህሩ ላፕቶፕ ላይ ያለው የትምህርት ቤተ መጻሕፍት በአካባቢው ዋይፋይ ላይ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የተማሪዎቹ ታብሌቶች ፈልገው ያገኙታል፤ አንዲት ባይት እንኳ ከውጭ ሳይመጣ ትምህርቱ ይቀጥላል። መብራትና መስመር ለሚቆራረጥበት አገር ከዚህ የተሻለ ንድፍ አላውቅም። ስለዚህ ማዳን ያለብን ነገር አለ።

የሚያድነውም መንገድ ተጀምሯል። በኦክቶበር 2022 የወጣው ማተር የተባለው የቤት መሣሪያዎች ደረጃ መፈለግንና ማመንን ለያይቷቸዋል። መሣሪያው ሲጠሩት «አቤት!» ይላል፤ ያ ግን ወደ ቤት አያስገባም። ለማስገባት በመሣሪያው ላይ ወይም በካርቶኑ ውስጥ ያለውን የካሬ ኮድ (ኪውአር) በስልክ ማንሣት፣ ወይም ኮዱን በእጅ መተየብ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት በምስጢራዊ ቁልፍ ተመሰጥረው ነው፤ ያ ቁልፍ የሌለው ጎረቤት ዋይፋዩ ውስጥ ቢሆን እንኳ መብራቱን ማጥፋት አይችልም። መሣሪያው ከፋብሪካው የወጣ እውነተኛ መሆኑም በምስክር ወረቀት ይጣራል። እኔ ለሁሉም የምመኘው ይህን ነው።

እስከዚያው ያለን የራውተራችን ገጽ ነው። ከላይ ካለው የደመወዝ ወረቀት በኋላ እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር። ራውተሩ «የእንግዳ» የሚል ሁለተኛ ዋይፋይ መክፈት ይችል ስለነበር ለጎረቤቶቻችን እርሱን ሰጠን፤ ኢንተርኔቱ ይደርሳቸዋል፣ ፕሪንተራችንን ግን አያዩም። ዩፒኤንፒን አጠፋን፤ ምንም የቆመ ነገር የለም። የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለወጥን። ሁሉም ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ግቢ ውስጥ መስመር የምትጋሩም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለተከራይ የእንግዳውን፣ ለቤተሰብ የዋናውን የይለፍ ቃል መስጠት ማንንም አያስቀይምም። ካሜራ የተከለላችሁ ባለሙያ ካለም ስልክ ደውላችሁ የካሜራዎቹን የይለፍ ቃል ለውጦት እንደሆነ ጠይቁት።

ካሜራ ወይም የቤት መብራት ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ሻጩ መሣሪያውን በስልኩ አገናኝቶ ያሳያችሁ። ከዚያ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት ገመድ ከራውተሩ ላይ እንዲነቅልና እንደገና እንዲሞክር ጠይቁት። ስልኩ መሣሪያውን አሁንም ካገኘው፣ ጥሪው ከግቢው ሳይወጣ ተመልሷል ማለት ነው።